ወንድሜ ሚስቱን መታት፤ እሷና ልጇ እኔ ቤት ናቸው። እናቴ «ትመለስ» ትላለች። ምን ላድርግ?

ሰፊዋ ከበሬሳ ማዶ

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው ልብስ የምሰፋበት። በሌላኛው የወንድሜ ሚስትና የአምስት ዓመት ልጇ ተኝተዋል። እኔ ሲንጀሬ አጠገብ ጋቢ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ።

ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁ የሰው ነው። ማክሰኞ ዕለት ገቢ ጎደለ ተብሎ ሲመናጨቅ ውሎ ማታ ቤቱ ገባ። ሽሮው ቀጥኗል አለ። እሷም «ባመጣኸው ነው የሠራሁት» አለችው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልዘረዝርም። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ ግራ ዓይኗ አብጧል። ልጁን አዝላ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ያ ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት። «ምነው ባጃጅ ብትይዢ?» ስላት «ሁሉም ጓደኞቹ ናቸው» አለችኝ።

ልጁን ላስተኛው ጫማውን ላወልቅለት ስል እግሩን ሰበሰበብኝ። «አይ፣ ይሁን» አለ። «ስንሮጥስ?»

እዚህ ላይ እጄ ቀረ። እኛም ከነጫማችን ነበር የምንተኛው።

ያደግነው ከደነባ ገባ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ አረቄውን ጠጥቶ ይመለሳል። እናቴ መጥረቢያውን ከኩበቱ ክምር ሥር ትደብቀዋለች። እኛ ሦስታችን ኮንጎ ጫማችንን አድርገን ብርድ ልብስ ውስጥ እንገባለን። መጀመሪያ የሚመጣው ሳሉ ነው። ከዚያ የቆርቆሮው በር። በሩን ቀስ ብሎ ከከፈተው ደህና ሌሊት ነው። በርግዶት ከገባ በጓሮ በኩል ወጥተን ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ቤት እንሮጣለን። እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በሯን አትቀረቅርም ነበር። አንድም ቀን ግን ስለዚህ ነገር ከእናቴ ጋር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ማታ በሩ ክፍት ነው፤ ጠዋት ሁለቱም ቡና ይጠጣሉ። ሆድ ይፍጀው ማለት ይኼ ነው።

የእናቴ ግራ ጆሮ አይሰማም። ኩፍኝ ነው ትላለች፣ ለሰው ሁሉ። እኔ ግን ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አይቻለሁ። ሦስታችንም ልጆቿ ሁልጊዜ የምንቀመጠው በቀኟ ነው። እሳት ስንሞቅ በቀኟ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በቀኟ። ደነባ ለትምህርት ወርጄ ጓደኛዬ ቤት ስገባ እናቷን ለማናገር ዞሬ በቀኟ ቆምኩ። ሰዎቹ ሳቁብኝ። እናት ሁሉ በአንድ ጆሮ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር መሰለኝ።

አሁን አባቴ ታሟል። ስትሮክ መቶት ግማሽ ጎኑ አይታዘዝለትም። እናቴ በሶ በጥብጣ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። የሰፈሩ ሰው «እንዲህ ያለ ደግ ሽማግሌ» ይለዋል። የልጅ ልጁን ሲያይ ያለቅሳል። እኔም እወደዋለሁ። ይኼን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም፤ ለጊዜው ተዉት።

ትናንት ለእናቴ ደወልኩ። «ትመለስ» አለችኝ። «እኔስ ችዬ አይደል? ወንድ ልጅ ይቆጣል፣ ይበርድለታል። ልጇን ያለ አባት ልታሳድግ ነው?» ክፉ ሆና አይደለም። ስልኩን በቀኝ ጆሮዋ ይዛ ነው ይኼን ያለችኝ።

ወንድሜ ደግሞ «ነገር አታካብጂ፤ አንድ ጥፊ ነው» ይላል። ይኼ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው በአባቴና በእናቴ መሀል ቆሞ «ሳድግ እገልሃለሁ» ያለ ልጅ ነው። ከሁሉም ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ፦ ፖሊስ ዘንድ ትሂድ ወይስ ሽማግሌ እንላክ? ሽማግሌ ከሆነስ ምን ብዬ? እናቴንስ ምን ብዬ ላናግራት? የሁለት ሰርግ ልብስ ተቀብያለሁ፤ ጭንቅላቴ ግን ቁልፍ መትከል እንኳ አቅቶታል።

---

አያ መሐል ሜዳ

ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ። እኔ መንዝ ነኝ፤ ሽምግልና የተቀመጥኩበትን ቁጥር አላውቀውም። የመሬት፣ የደም፣ የባልና ሚስት። አንዱን ልንገርሽና የመሰለሽን አድርጊ።

አንዲት ሴት ነበረች። ሦስት ጊዜ አኩርፋ አባቷ ቤት ገባች፤ ሦስት ጊዜ አስታርቀን መለስናት። ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ባልየው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፣ እግር ይስማል። በግ ይታረዳል። ጠላው ይቀርባል። እኛም በልተን መርቀን እንነሳለን። በአራተኛው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርዱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አልሞተችም። ቀኝ እጇ ግን ከትከሻዋ በላይ አይነሳም። ዛሬም ገበያ ላይ ሳገኛት በግራዋ ነው የምትጨብጠኝ። የዚያን በግ ሥጋ የበላሁት እኔ ነኝ።

ጥፋታችን የት ነበር ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። እኛ ሽማግሎች ስንቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ለእሷ ነበር። «ምን አድርገሽው ነው?» ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ የሽሮና የምላስ ወሬ ይሆናል። ዱላው ይረሳል። ደግሞ እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ እናቱ ከጎኗ፣ ሠላሳ ሰው እየሰማ እንዴት ብላ ትናገር?

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ እሷን ለብቻ፣ ሴት ሽማግሌ ጨምሬ። መመለስ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ። አልፈልግም ካለች ሽምግልናው አለቀ፤ የቀረው ልጅና ንብረት ነው። እፈልጋለሁ ካለች እሱ ዋስ ይጠራል። ዋሱ ከእሷ ወገን የሚፈራው ሰው ይሁን እንጂ የመጠጥ ጓደኛው አይሁን። በጽሑፍ ይሁን። ጊዜ ይሰጠው፤ በዚያ ጊዜ እሷ እቤቱ አትሁን። ሌላው ደግሞ፣ ሽማግሌ ገባ ማለት ፖሊስ ተከለከለ ማለት አይደለም። ይኼን የሚላችሁ ሽማግሌ ካለ የበግ ሥጋ የለመደ ነው።

---

እውነት ይነገር

የዛሬ ሴቶች በአንድ ጥፊ ቤት አፈረሱ። የባልና ሚስት ነገር ገመና ነው፣ አደባባይ አይወጣም። እናትሽ ልክ ናት። ለልጁ ስትይ አስታርቂያቸው እንጂ እሳት አታራግቢ።

---

ነርሷ ከሸዋ ሮቢት

ወንድሜ እውነት ይነገር፣ ገመናውን ሸፍናችሁ የምትልኳቸው እኛ ዘንድ ነው። እኛ ነን የምንገልጠው።

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ከማሰብሽ በፊት ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ውሰጃት። ዓይኗ ይታይ፣ ጆሮዋ ይታይ። በጥፊ የጆሮ ታምቡር ይቀደዳል፤ ብዙ ጊዜ የምናየው ነው። ጆሮዬ ይጮኻል፣ ተደፈነብኝ ካለች ቶሎ። ትንሹ ቀዳዳ ውሃ ካልገባበትና ካልመገለ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ሊድን ይችላል። ቅቤ አቅልጣችሁ እንዳታንቆረቁሩባት አደራ። የእናትሽ ዓይነት ጆሮ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፦ ጥፊው ቀደደው፣ ቅቤው አመረቀዘው፣ ዝምታው ጨረሰው።

አንድ ነገር ደግሞ ለብቻችሁ ሆናችሁ ጠይቂያት። አንቋት ያውቃል ወይ? አንገቷን? አዎ ካለች ነገሩ ሌላ ነው። አንገት የያዘ እጅ ነገ ሊገድል ይችላል። ምልክት ባይታይባትም፣ ድምጿ ከጎረነነ ወይም መዋጥ ካስቸገራት በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት። እርጉዝ መሆኗንም ጠይቂ።

አሥር ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። «ባሌ መታኝ» ብላ ካርድ የምታወጣ ሴት ጥቂት ናት። ጨጓራ ይላሉ። ራሴን ይላሉ። «ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ሰውነቴን ይቆራርጠኛል።» ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ተጠምቀው፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄደው፣ ከዚያ እኛ ጋ ይመጣሉ። ጠበሉን አልነካም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ከጠበሉ ተመልሰው የሚገቡት እዚያው ቤት ነው። ባልየው አብሮ ከመጣ ደግሞ መልሱን ሁሉ እሱ ነው የሚሰጠው። እኔ ዘዴ አለኝ፤ «ወንድሜ ይቺን ወረቀት ክፈልና ና» ብዬ እልከዋለሁ። በሩ ሲዘጋ ነጠላዋን ገለጥ ታደርጋለች።

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ከ15 እስከ 49 ዓመት ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። በዚያው ጥናት የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው ለማንም አልተናገሩም፣ እርዳታም አልጠየቁም። ከመቶ ስልሳ ስድስት እናትሽ ናቸው ማለት ነው። ሌላ የሚገርመኝ፣ «ሚስትን መምታት ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ» ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶቹ 28 በመቶ ናቸው። ስለዚህ እናትሽ «ትመለስ» ስትል አትናደጂባት። ሃምሳ ዓመት የቻለችው ነገር «መቻል አልነበረበትም» ሲባል ዕድሜዋ ሁሉ ከንቱ ሊመስላት ይችላል።

ልጁ በሌሊት ይሸናል? ስም ሲጠራ ይደነግጣል? አትቆጡት። የዚያ ቤት ልጆች ጆሯቸው አይተኛም። ትምህርት ቤት ሲገባም መምህሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ፊደሉ ይጠፋበታል። «ደነዝ» ይሉታል፤ ደነዝ አይደለም፣ በሩን እያዳመጠ ነው።

---

ሰፊዋ ከበሬሳ ማዶ

ነርሴ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ወሰድኳት። ታምቡሯ ደህና ነው አሉ። አንገቷን ጠየቅኳት። ዝም አለች። ከዚያ ሻሿን ፈታች። ሌላ አልጽፍም።

እውነት ይነገር ለምትለው፣ ሰውዬ፣ ልጁ ከነጫማው ነው የተኛው። መልስ ካለህ ለእሱ መልስለት።

---

ጥቁር ካባ

ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ወጥቻለሁ። አንገቷን ካነቃት ይኼ የሽሮ ጠብ አይደለም። በቀላሉ እንዳስረዳሽ።

ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ቃሏን ይቀበሏታል፣ ከዚያ ለሐኪም ቤት የሕክምና ማስረጃ እንዲሰጥ ደብዳቤ ይጽፉላታል። ዛሬ ያያት ሐኪም የጻፈውን ካርድ ቁጥር ይዛ ትሂድ። እብጠት በሳምንት ይጠፋል፣ ወረቀት ግን ይቀራል። ፎቶ አንሺያት፣ በቀን ብርሃን፣ ፊቷና አንገቷ አንድ ላይ እንዲታዩ። በጣቢያው ሴት መርማሪ ካለች ለእሷ ይንገሩ፤ መጠየቅ ይቻላል።

በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት በአካል ጉዳት አንቀጾቹ እንደሚያስቀጣ በግልጽ ይላል። «ሚስቴ ናት» መከላከያ አይሆንም። ከባድ ጉዳት በአንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። ቀላሉ ጉዳት በ556 ነው፤ እሱ በተበዳይ አቤቱታ ነው የሚነሳው። አቤቱታው ደግሞ ጊዜ አለው፣ ሦስት ወር። ስንት ሴት አይቻለሁ «ሽማግሌ እየጨረሰው ነው» ተብላ ሦስት ወሯ ያለፈባት። አያ መሐል ሜዳ ያሉት ልክ ነው፤ ሽምግልናው ይቀጥል፣ አቤቱታው ግን ቀድሞ ይግባ።

ስለ ትዳሩ። ድሮ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር፤ ሚስት በሕጋዊ ትእዛዙ መታዘዝ ነበረባት። እናትሽ ያገባችው በዚያ ሕግ ይመስለኛል። «እኔስ ችዬ አይደል» የሚለው ቃል ያኔ ሕግ ነበረው ማለት ነው! ዛሬ የለውም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ በ1995 ወጥተው እኩል አድርገዋቸዋል። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ክሱ እየታየ ሳለም ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ አያያዝና ቀለብ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ ነው፤ ዕቁቡ በእሱ ስም ቢሆን እንኳ። ገጠር መሬት ካላቸው ደግሞ የይዞታ ደብተሩን ተመልከቱ፤ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ነው ያለበት። ብዙ ሴት ቤቷን ጥላ ስትወጣ መሬቱንም ጥዬ ወጣሁ ትላለች። አልጣለችውም።

ጠበቃ የምትገዛበት ከሌላት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ግቡ።

አሁን ከጻፍኩት ሁሉ የሚከብደው ግን የመጀመሪያው በር ነው። አንዳንድ ጣቢያ «ታርቃችሁ ኑ» ብሎ ይመልሳል። ቢመልሷት አንቀጹን ጥቀሱና ቃሏ እንዲመዘገብ ጠይቁ። ብቻዋን አትሂድ።

---

ሰፊዋ ከበሬሳ ማዶ

ስለ ደብተሩ ሲነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእኛ ቤት የመሬት ደብተር ላይ የእናቴ ፎቶ አለ። ነጠላዋ ወደ ግራ ተስቦ ጉንጯን ሸፍኗል። ፎቶ አንሺው «ግለጪው» ሲላት «ብርድ ነው» ማለቷን አስታውሳለሁ። ዕለቱ ሰኞ ነበር። ከቅዳሜ በኋላ ያለው ሰኞ።

---

ጣርማ በር ጭጋግ

ልጽፍ አልጽፍ ሳወጣ ሳወርድ ሁለት ቀን ሆነኝ። የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፤ ደብረ ሲና ነው ቤቴ። እኔ የወንድምሽ ቢጤ ነኝ። እህቴ፣ መትቻለሁ።

አባቴም ይመታ ነበር። እንደ እሱ አልሆንም ብዬ ምዬ ነው ያገባሁት። ለራሴ ስነግረው እኔ ከአባቴ እሻላለሁ፤ እሱ በዱላ ነበር፣ እኔ በእጄ ነኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ያስባል፣ እመኚኝ። በማግሥቱ አለቅሳለሁ። ሥጋ ገዝቼ እገባለሁ። ዘመድ ይሰበሰብና «ይቅር በሉ» ይባላል። ዘመድ ቶሎ ይቅር ባለኝ ቁጥር የሠራሁት ትንሽ እየመሰለኝ ሄደ።

ያቆመኝ ምክር አይደለም። ሚስቴ ልጆቼን ይዛ ወጥታ ስምንት ወር ቀረች። የገዛ እናቴ ደግሞ ምግብ አልሰጥህም አለችኝ። ከጣርማ በር ቁልቁል ስነዳ ቤቱ ባዶ መሆኑን ሳስብ መሪው ይከብደኝ ነበር። አረቄውን ተውኩ። አረቄው አይደለም የመታት፣ እኔ ነኝ፤ ግን ተውኩት። ዛሬ አብረን ነን። ትልቋ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እጄን ራሴን ለማከክ ሳነሳ ዓይኗን ትጨፍናለች። አሁንም። ከመታሁ አምስት ዓመት አልፎኛል። ልጅቷ ግን አሁንም ትጨፍናለች።

ለወንድምሽ እናቱ ትናገረው። አንቺን አይሰማም፣ እኩያው ነሽ። ሽማግሌንም ለምዶታል። እናቱን ግን አልለመዳትም፤ ዝም ስትል ነው የሚያውቃት።

---

ሰፊዋ ከበሬሳ ማዶ

ሁለት ሳምንት አልፏል። ስለጠየቃችሁኝ ልጻፍ። ሰርጎቹ አልፈዋል፤ አንዱን ቀሚስ ቁልፉን አዛንፌ ተክዬ የሙሽራዋ እናት ፊት ተዋርጃለሁ፣ እሱ ይቅር።

ፖሊስ ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። መጀመሪያ የተቀበለን ሰው «ሽማግሌ አልገባም እንዴ?» አለ። ጥቁር ካባ እንዳልከው አንቀጹን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ አሳየሁት። አንዲት ሴት ፖሊስ ጠራልን። እሷ ጥሩ ሰው ናት። ቃሏን ስትቀበል ልጁን በሌላ ክፍል በእስክሪብቶ ባጃጅ እንዲሥል አደረገችው። ሹፌር የሌለበት ባጃጅ ነው የሣለው።

እናቴ አርብ ዕለት መጣች። አባቴን ለጎረቤት ትታ፣ የገብስ ቆሎ በአቁማዳ ይዛ። ገና እንደገባች ለእሷ «ልጄ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ» ነበር ያለቻት። እኔም ልቤ ወደቀ። ምንም አልመለስኩላትም። እራት በልተን ልጁን እናቴ አጠገብ አስተኛነው። ጫማውን ላወልቅልህ ስትለው እምቢ አለ። «ስንሮጥስ?» አላት ለእሷም።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጨርቅ መቁረጤን ቀጠልኩ። ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው ማሰሪያውን ቀስ ብላ ፈታችለት። ጫማዎቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መብራቱን ሳጠፋ እንደተቀመጠች ነበረች። ጠዋት ስነሳም። ስለ ዕቃ መሰብሰብ ከዚያ በኋላ አላነሳችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንድሜ ሁለት ሽማግሌና የነፍስ አባታችንን ይዞ መጣ። ድንጋይ ተሸክሟል። ቤቴ ጠባብ ነው፤ ሲንጀሩን ገፍተን አስቀመጥናቸው። እናቴ ዱካ ላይ ናት። እኔ እንደ ልማዴ በቀኟ ቆምኩ። ወንድሜ ድንጋዩን አውርዶ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ተጠግቶ «እማ፣ ይቅር በይኝ፣ ለእሷም ንገሪልኝ» ማለት ሲጀምር እናቴ ፊቷን አዞረችበት።

«በዚህኛው ንገረኝ» አለችው። ግራ ጆሮዋን ይዛ።

ግራ ተጋባ። «እማ፣ በዚህ እኮ…»

«በዚህኛው።»

ተናገረ። «አልሰማሁም» አለች። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «አልሰማሁም።» ሽማግሎቹ መሬት መሬት ያያሉ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሦስተኛ ጊዜ ሊናገር አፉን ሲከፍት እጁን ያዘችው።

«ኩፍኝ ብዬሃለሁ አይደል? ኩፍኝ አይደለም። አባትህ ነው። አንተ ጡት ላይ ነበርክ። አንድ ጥፊ ነው።»

ቤቱ ውስጥ የተነፈሰ ሰው የለም። ወንድሜ እዚያው ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አለ። እንዲህ ሲያለቅስ ካየሁት ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው። አላባበልኩትም። እናቴም አላባበለችውም። ትልቁ ሽማግሌ ጥቂት ቆይተው ወደ ወንድሜ ሚስት ዞረው «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አሏት። መጀመሪያ የተጠየቀችው እሷ ባትሆንም ተጠይቃለች። «ክረምቱ ይውጣና እናያለን። አቤቱታዬን ግን አላነሳም» አለች። ድምፅዋ ገና ጎርነን ያለ ነው።

አሁን እኔ ጋ ናት። ዘርፍና ቁልፍ እሷ ትሠራልኛለች፤ ከእኔ ይልቅ እጇ ፈጣን ነው። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጁ ቀለብ በሽማግሌው በኩል ይልካል፣ እስካሁን አላቋረጠም። ልጁ ጫማውን አውልቆ መተኛት ጀምሯል። አልጋው ሥር ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። አፍንጫቸውን ወደ በሩ አድርጎ።

እናቴ ሰኞ ጠዋት ተመለሰች። ቆይ እንጂ ብላት «አባታችሁ ከእኔ እጅ ካልሆነ በሶውን አይውጥም» አለችኝ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። በቀኟ ሆኜ።